አንድ ርቀት፣ ሁለት የጉዞ ጊዜ፦ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን

በደቡብ አዲስ አበባ የሚገኘው ነፋስ ስልክ ስያሜውን ያገኘው ከሽቦ አልባው ቴሌግራፍ ነው፤ ያለ ሽቦ የሚደርስ መልእክት በነፋስ የሚጓዝ ይመስል ነበርና። የሬዲዮ ሞገድ ግን ነፋስን አይሻም። በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ያለውን 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ በ0.04 ሴኮንድ ያህል ይፈጽመዋል። ሲሄድም ሲመለስም ጊዜው አንድ ነው።

ከቦሌ የሚነሣው አውሮፕላን ግን እንዲህ አይደለም። ከዋሽንግተን ሲመለስ በአንድ በረራ አዲስ አበባ ይገባል፤ ሲሄድ ግን ነዳጅ ለመሙላት በመንገድ ላይ ማረፉ የተለመደ ነው። ደብሊን ለዚህ ካገለገሉት ከተሞች አንዷ ናት። ርቀቱ አንድ ከሆነ ልዩነቱ ከየት መጣ?

በቅድሚያ መንገዱን እንመልከት። በሉል ላይ ሁለቱን ከተሞች በክር ብናገናኝና ክሩን ብንወጥረው፣ አጭሩ መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ አምርቶ፣ ሰሜን አፍሪካን አቋርጦ፣ በስፔን አካባቢ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ሲወጣ እናያለን። በዚያ ኬክሮስ፣ አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። ሄያጁን ይጋፋል፤ ተመላሹን ይገፋል።

አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይበራል፣ የነፋሱም አማካይ ፍጥነት በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። በመሄጃው ከመሬት አንጻር ፍጥነቱ 850 ይሆንና ጉዞው 13.5 ሰዓት ይፈጃል፤ በመመለሻው 950 ይሆንና 12.1 ሰዓት ይበቃዋል። ልዩነቱ ወደ 1 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ይጠጋል። ይህም ተጨማሪ ነዳጅ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የቦሌ ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ከፍ ሲል፣ የዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። የአየሩ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴልሲየስ ሲሆን በቦሌ የአየር እፍጋት በባሕር ወለል ካለው መደበኛ እፍጋት በሩብ ያህል ያንሳል። ክንፍን ወደ ላይ የሚያነሣው ኃይል ከእፍጋቱና ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚመጣጠን፣ ያንኑ ክብደት ለማንሣት ፍጥነቱ በ16 በመቶ ገደማ መጨመር አለበት። ሞተሩም በሳሳ አየር ግፊቱ ይቀንሳል። ማኮብኮቢያው ደግሞ ማለቂያ አለው። ስለሆነም አውሮፕላኑ ቀለል ብሎ መነሣት ይገደዳል፦ ነዳጅ ቢቀንስ በመንገድ ላይ ያርፋል፤ መንገደኛና ጭነት ቢቀንስ ገቢው ይጎድላል። በቢሾፍቱ አቅራቢያ ለአዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ የተመረጠው ሥፍራ ከቦሌ በብዙ መቶ ሜትሮች ዝቅ ማለቱ ትርጉም የሚኖረው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ርቀትን ለፍጥነት ማካፈል መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። ውድ አንባቢያን፣ አንድ ጥያቄ እንተውላችሁ፦ ነፋሱ በመሄጃ የወሰደውን በመመለሻ ሙሉ በሙሉ ይመልሳልን? ከላይ ባሉት ቁጥሮች የደርሶ መልሱን ጊዜ ነፋስ ከሌለበት ጉዞ ጋር አነጻጽሩ። 5 ደቂቃ ያህል ጎድሎ ታገኙታላችሁ፤ ምክንያቱም አውሮፕላኑ ከሚጋፋው ነፋስ ጋር የሚቆየው ከሚገፋው ነፋስ ጋር ከሚቆየው የበለጠ ጊዜ ነው።