በሩ ተከፍቷል፤ መንገዱስ?



በዚህ እትም ትምህርታችን የምናየው የወይዘሮ ገነት ዘውዴን ሥራ ነው። ከሽግግሩ መንግሥት ዘመን አንስቶ እስከ 1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግስት የትምህርት ሚኒስትር ነበሩ። በዘመናቸው በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አብዛኞቻችን ፊደል የቆጠርንበት ነው። ሥራቸውን ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ልጆች አንፃር እንመዝነው።

1. ምን ተሠራ?

ፖሊሲው በመንግሥት ትምህርት ቤት እስከ 10ኛ ክፍል መማርን ነፃ አደረገ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥና ለሴቶች ትምህርት ልዩ ትኩረት እንዲደረግም ደነገገ። ከ10ኛ ክፍል በኋላ ሁለት መንገድ ዘረጋ፤ አንዱ መሰናዶ፣ ሌላው ቴክኒክና ሙያ። በአሥር ዓመት ገደማ የአገሪቱ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ቁጥር ከ4 ሚሊዮን በታች ከነበረበት ከ10 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ሊካድ አይገባም።

2. ምን ጎደለ?

አንደኛ፣ ርቀት። ከወረታ ወደ ወልድያ የሚወስደው ዋና መንገድ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ ያልፋል። የታች ጋይንቷ አርብ ገበያ፣ የስማዳዋ ወገዳና የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ግን ከዚህ መንገድ በስተ ደቡብ ናቸው። የገጠር ቀበሌ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ከተማ ቤት ይከራያል፤ ስንቁን ተሸክሞ ይመላለሳል። ዝናብ ሲያጥር ቀድሞ የሚቋረጠው ያ ስንቅ ነው። ለሴት ልጅ ደግሞ የመንገዱና የኪራይ ቤቱ ስጋት ይጨመርባታል። ትምህርቱ ነፃ ቢሆንም ትምህርት ቤቱ ድረስ ያለው መንገድ ነፃ አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ክብር። ቴክኒክና ሙያ የሚገባው በአመዛኙ ውጤቱ ለመሰናዶ ያልበቃለት ተማሪ ስለነበር ሕዝቡ «የወደቀ ልጅ ማረፊያ» አድርጎ አየው። የዚህን አመለካከት ጉዳት በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት አይተናል፤ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንድ መንገድ ብቻ ክብር ካለው የቀሩት ልጆች ምን ይሁኑ? የ2015 ዓ.ም. አዲሱ ፖሊሲ የሙያ ትምህርትን ወደ 11ኛና 12ኛ ክፍል ማስገባቱ ለዚህ አንድ መልስ ነው። የቤተሰብን አመለካከት ግን ፖሊሲ ብቻውን አይለውጠውም።

3. ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ፍትሐዊ ትምህርት ማለት በር መክፈት ብቻ አይደለም፤ ልጁ ካለበት ቀበሌ ተነስቶ በሩ ላይ መድረስ መቻሉ፣ የገባበትም በር የሚያስከብረው መሆኑ ነው። የተማርነው ዕውቀት አደራ ነውና ለእረፍት አገር ቤት ስንገባ፦

• ለታናናሾቻችን ሒሳብና እንግሊዝኛ እናስጠና።
• ስለ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ሳይሆን ስለ ሬሜዲያል፣ ስለ ቴክኒክና ሙያ ደረጃዎችና ስለ ሲኦሲ ምዘናም እንንገራቸው።
• ከተማ ተከራይተው የሚማሩ እህቶቻችንን ችግራቸውን እንጠይቅ፤ ከወላጆቻቸውም ጋር እንምከር።
• «ዩኒቨርሲቲ ካልገባህ አለቀልህ» ከማለት እንቆጠብ።

ለውይይት፦ በቀበሌያችሁ ከ8ኛ ክፍል በኋላ ትምህርት ያቋረጠች አንዲት ልጅ አስቡ። ያስቀራት ፈተናው ነው ወይስ መንገዱ? እኛስ ምን ልናደርግላት እንችል ነበር?

ወሰላሙ አለይኩም።