ከቁልፉ በፊት ውሉ

ወንድሜ፣ እህቴ፣ የመጀመሪያ ቤታችሁን ልትከራዩ ነው? «አከራዩ የመስጂዳችን ሰው ነው፤ ወረቀት ምን ያደርጋል?» አትበሉ። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው፣ ዕዳን ስለ መጻፍና ስለ ምስክር ነው። መጻፍ አለመተማመን አይደለም፤ ወንድማማችነትን ከጭቅጭቅ መጠበቅ ነው።

አዲስ አበባ ከሆናችሁ አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን እወቁ፦ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ የውል ዘመኑ ከ2 ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም።

ከመፈረማችሁ በፊት የውሃና የመብራት ቆጣሪውን ንባብ መዝግቡ፤ ያልተከፈለ ዕዳ እንዳለም ጠይቁ። የተሰበረውን መስታወት፣ የሚያፈሰውን ቧንቧ አከራዩ ባለበት ፎቶ አንሱ። ኪራዩን በባንክ ክፈሉ።

ቤቱም አማና ነው፤ ስትለቁ እንደተረከባችሁት መልሱ። አላህ በረካ ያለው ቤት ይወፍቃችሁ። ጁሙዓ ሙባረክ!