ምስክር የሌለው በደል፤ በትዳር ውስጥ ከሚደርስ ሥነ ልቦናዊ ጥቃት የሚያገግሙ ተማካሪዎችን በደብረ ማርቆስና አካባቢው ስለ መርዳት

«ናርሲሲስታዊ ጥቃት» የሚለው ስያሜ፣ ራሱን ከሁሉ በላይ የሚያይና ለሌላው ስሜት ደንታ የሌለው ሰው በትዳር ጓደኛው ላይ የሚያደርሰውን ተደጋጋሚ ማንቋሸሽ፣ ቁጥጥርና ማታለል ለመግለጽ ይውላል። ስያሜው ግን የሕክምና መለያ አይደለም። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው የምርመራ መመሪያ ሦስተኛ እትም ውስጥ የገባው ናርሲሲስታዊ የስብዕና መታወክ ነው፤ እርሱም የሚረጋገጠው ሰውየው ራሱ ሲመረመር ነው። ስለዚህ አማካሪ በሚስት አንደበት ብቻ የሚያውቀውን ባል «ናርሲሲስት ነው» ብሎ መፈረጅ አይገባውም። ፍረጃው ለጊዜው እፎይታ ቢሰጥም፣ የምክሩ ሰዓት ስለ ባልየው ጠባይ በመመራመር ያልቃል። የአማካሪው ሥራ ሌላ ነው፤ ተማካሪዋ ባየችውና በሰማችው ነገር ላይ ያጣችውን እምነት እንድትመልስ መርዳት።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 24 በመቶዎቹ ከባላቸው ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። (ይህን መሰል ጥቃት በወንዶችም ላይ ይደርሳል፤ ጥናቱ ስለ ጥቃት የጠየቀው ግን ሴቶችን ነው።) በዚሁ ጥናት አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች 66 በመቶዎቹ ርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም። ቁስሉ የሚታይ በደል ይህን ያህል ከተሸሸገ፣ ቁስሉ የማይታየው እንዴት ይነገር ይሆን?

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች የተጣሉ ባልና ሚስት አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው የሚቀርቡት ለአማካሪ ሳይሆን ለሽማግሌ ወይም ለንስሐ አባት ነው። ሽምግልና ብዙ ትዳር ያቀና ሥርዓት ነው። ሆኖም በደልን የሚመዝነው በሚቆጠር ነገር ነው፤ በዱላ፣ በተሸጠ በሬ፣ ከጎተራ በወጣ እህል። «መታሽ? አስራበሽ?» ተብላ ስትጠየቅ «የለም» የምትል ሴት የምታቀርበው ማስረጃ አይኖራትም። ባልየው በአደባባይ እንግዳ ተቀባይ፣ ለዕድርተኛ ደራሽ ከሆነ ደግሞ ጥፋተኛዋ እርሷ ሆና ትመለሳለች።

ጎጃም የቅኔ አገር መሆኑም እዚህ ላይ ሊታሰብበት ይገባል። ኅብረ ቃል ማወቅ በሚያስመሰግንበት ማኅበረሰብ ስድብም በሰምና ወርቅ ሊነገር ይችላል። እንግዶች ሰሙን ሰምተው ይስቃሉ፤ ወርቁ ለሚስቲቱ ብቻ ይደርሳል። ስትቆጣ «ጨዋታ አታውቅም» ትባላለች፤ ነገሩ ሲደጋገም እርሷም የሰማችውን መጠራጠር ትጀምራለች። እንግሊዛዊው ጸሐፌ ተውኔት ፓትሪክ ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1938 ለመድረክ ባበቃው ተውኔት፣ አእምሮዋን እንደሳተች ሚስቱን ሊያሳምን የሚያሴር ባል ይታያል፤ «ጋዝላይቲንግ» የሚለው ሙያዊ ቃል የመጣው ከዚያ ነው። የደብረ ማርቆስ አማካሪ ግን ከባሕር ማዶ ሳይሻገር መንገድ ያገኛል፦ ተማካሪዋ በቅድሚያ እንግዶቹ የሰሙትን፣ ቀጥሎም ለእርሷ የደረሰውን ለየብቻ እንድትናገር ይጠይቃል። ሰምና ወርቅን መለየት የምታውቀው ነገር ነውና አይከብዳትም። በዚህ ጊዜ «ምናልባት ተሳስተው ይሆናል» የሚል ቃል ከአማካሪው ቢወጣ የባልየውን ሥራ ይፈጽምለታል።

ጁዲት ኸርማን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመችው «ትራውማ ኤንድ ሪከቨሪ» በተባለ መጽሐፍ ማገገምን በሦስት ደረጃ ታየዋለች፤ ደኅንነትን ማረጋገጥ፣ የሆነውን አስታውሶ ማዘን፣ ከሰው ጋር እንደገና መተሳሰር። የመጀመሪያው ሳይጸና ወደ ሁለተኛው መቸኮል ይጎዳል። ባልና ሚስትን አንድ ላይ አስቀምጦ ማማከርም በዚህ ወቅት አይገባም፤ በምክር ክፍሉ የተነገረ ቃል ቤት ሲደርስ መቀጫ ሊሆን ይችላልና። የደረሰባትን መጻፍ የሚረዳት ተማካሪ ብትኖር ደብተሩ ቤቷ ባይገባ ይመረጣል፤ በአማካሪው ዘንድ ተቆልፎበት ይቀመጥ። ይቅርታም የራሱ ጊዜ አለው፤ ገና ያልተነገረ በደል ይቅር ሊባል አይችልም። የንስሐ አባት ይህን ከተረዱ ትልቅ አጋዥ ናቸውና፣ አማካሪው ከእርሳቸው ጋር ሊፎካከር አይገባም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564፣ በትዳር ጓደኛ ላይ በሚፈጸም ጥቃት በአእምሮ ጤና ላይ የሚደርስን ጉዳትም ያካትታል። ማስረዳቱ ከባድ ቢሆንም ተማካሪዋ ይህን ብታውቅ መልካም ነው።

በውጭ አገር መጻሕፍት በብዛት የሚሰጠው ምክር ግንኙነቱን ፈጽሞ መቁረጥ ነው። በጎጃም ገበሬ ቤት ግን መሬቱ በባልና ሚስት የጋራ ስም የተመዘገበ፣ ልጆቹ የጋራ፣ ደብሩም አንድ ሊሆን ይችላል። ብትፋታ እንኳ በገበያና በቤተ ክርስቲያን ትገናኘዋለች። ስለዚህ ለመቆየት የወሰነችውም ሆነች የተለየችው የሚያስፈልጋቸው ተመሳሳይ ልምምድ ነው፦ ንግግርን በጉዳዩ ላይ ብቻ ማሳጠር፣ ስለ ገንዘብና ስለ እህል ሲነጋገሩ ሦስተኛ ሰው እንዲኖር ማድረግ፣ የተቋረጠውን ማኅበር፣ ዕድርና የጎረቤት ቡና መልሶ መጀመር። ከእነዚህ ቀላሉ ቡናው ይመስላል፤ ፈቃድ ሳይጠይቁ ተነሥቶ ለመሄድ የሚያስፈልገውን ድፍረት ማግኘት ግን በምክር ክፍሉ ውስጥ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።