የጀርባ መርጫን የምላጭ ሞላ ስለ መለወጥና ስለ ማስተካከል

በይፋት ቆላ፣ ከሸዋ ሮቢት እስከ ማጀቴ፣ ሽንኩርትና ማሾ የሚያለማ ገበሬ የጀርባ መርጫ ሳይዝ አይከርምም። መርጫውም ብዙ ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራል። ቀድማ የምትደክመው ትንሿ የምላጭ ሞላ ናት። ሞላዋ ስትላላ ምላጩ ቢለቀቅም ፀረ ተባዩ መንጠባጠቡን አያቆምም፤ የረጪው እጅና እግር ይርሳል፤ መርዙም በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ይገባል። በቆላው ሙቀት ጓንት ማውለቅ ስለሚቀና ጉዳቱ ይብሳል።

ሞላዋን ለመለወጥ በቅድሚያ ጋኑ በንጹሕ ውሃ ሦስት ጊዜ መታጠብ አለበት። እጣቢው በተረጨው ማሳ ላይ ይረጫል እንጂ ወደ መስኖ ቦይ አይደፋም። በዘንጉ ውስጥ የቀረውም ግፊት ምላጩን በመጫን መውጣት ይኖርበታል፤ ይህን የዘለለ ሰው ክዳኑን ሲፈታ ፊቱ ላይ ይረጭበታል። ከዚያ ክዳኑ ይፈታና ዕቃዎቹ በወጡበት ተራ ጨርቅ ላይ ይደረደራሉ። ጎሚኒው ተሰንጥቆ ከተገኘ አብሮ ይለወጣል፤ አለበለዚያ አዲስ ሞላ ብቻውን ፍሳሹን አያቆምም።

አሮጌዋን ሞላ ስቦ ማርዘም ወይም የእስክሪብቶ ሞላ መተካት የተለመደ ነው። የመጀመሪያው ለጥቂት ቀን ያገለግላል፤ ሁለተኛው ቶሎ ይዝጋል። ከልክ በላይ የጠነከረ ሞላም አይበጅም። ምላጩ ሲከብደው ረጪው በሽቦ አስሮ ይተወዋል፤ ያን ጊዜ በቦይ ላይ ሲሻገርም ሆነ ሲዞር መርጨቱ አይቋረጥም። ይህን ከፍሳሹ የባሰ ጥፋት አድርገን እንቆጥረዋለን። ትክክለኛው ሞላ ምላጩ እንደተለቀቀ ውሃውን የሚያቋርጥ፣ ጣትንም የማያደክም ነው። በክዳኑ የሚጠብቅ ዓይነት ከሆነ በሩብ ዙር እያጠበቁ በንጹሕ ውሃ መፈተን ይገባል።

ከጥገና በኋላ ልኬቱ እንደገና ይወሰዳል። ንጹሕ ውሃ ሞልቶ 10 ሜትር በ10 ሜትር መሬት በተለመደው እርምጃ ይረጫል፤ የጎደለውም ውሃ ይሰፈራል። 3 ሊትር ከጎደለ ለሄክታር 300 ሊትር ማለት ነው፤ 15 ሊትር የሚይዘው መርጫ 20 ጊዜ ይሞላል። የመድኃኒቱ ጽሑፍ ለሄክታር 1 ሊትር ካዘዘ ለአንድ ሙሊት 50 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። ውሃውን 200 ሊትር ገምቶ 75 ሚሊ ሊትር የጨመረ ገበሬ ግን በሄክታር 1 ሊትር ተኩል ይረጫል። ትርፉ ከኪሱ ይወጣል፤ ሽንኩርቱም ላይ ይቀራል።

ማኅበራት መለዋወጫ ሲገዙ የአሮጌዋን ሞላ ናሙና ይዘው ቢሄዱ ይሻላል፤ ሞላ ከመርጫ መርጫ ይለያያል።