የዘወትር ጭንቀትና የወር አበባ መቋረጥ

አንዲት ተማሪ የወር አበባዋ ሁለትና ሦስት ወር በቀረባት ጊዜ፣ በአካባቢዋ የሚሰማው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ ወገን ነገሩን ወዲያው ከእርግዝና ጋር አያይዞ ልጅቱን በክፉ ዓይን ያያታል። ሌላው ወገን ደግሞ «ሐሳብ ስላበዛች ነው፤ ፈተናው ሲያልፍ ይመለሳል» ብሎ ይተወዋል። ሁለቱም ሳይመረመር የተሰጠ ፍርድ ስለ ሆነ ጉዳት ያመጣል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የቆየ ጭንቀት በሴት አካል ላይ የሚያደርገውንና የማያደርገውን ለይተን እንገልጻለን።

የወር አበባ የሚታየው ከማሕፀን ቢሆንም ትእዛዙ የሚነሣው ከአንጎል ነው። በአንጎል ሥር ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። ይህም ክፍል በአንድ ሰዓት ወይም በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ጊዜ ጥቂት ሆርሞን ይለቃል። ሆርሞኑ ከበታቹ ያለውን ፒቱታሪ የተባለውን ዕጢ ያነቃቃል፤ ፒቱታሪም በደም በኩል ወደ ዕንቁላል ማኅደሮች መልእክቱን ያስተላልፋል። በዚህ ጊዜ ዕንቁላል ይበስላል፣ ማሕፀንም ይሰናዳል፤ እርግዝና ካልተገኘ የተሰናዳው ሽፋን ከደም ጋር ይወርዳል። እዚህ ላይ መምህራንን ደስ የሚያሰኝ ምሳሌ አለ። የትምህርት ቤት ደወል የሚታዘዙት በየክፍለ ጊዜው ሲደወል ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሳያቋርጥ ቢጮኽ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። እ.ኤ.አ. በ1978 የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዝንጀሮዎች ላይ ያረጋገጡት ይህንኑ የመሰለ ነገር ነው። ሆርሞኑ በየሰዓቱ ሲሰጥ ፒቱታሪ ሥራውን ሠራ፤ ያለማቋረጥ ሲፈስ ግን ሥራውን ተወ። እንግዲህ የሆርሞኑ መጠን ብቻ ሳይሆን የአሰጣጡ ሥርዐትም ዋና ነገር ነው።

ጭንቀት የሚያውከው ይህን ሥርዐት ነው። ሰው በደነገጠ ጊዜ ከኩላሊቶች በላይ ያሉት ዕጢዎች ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ያመነጫሉ። ይህ ለአጭር ጊዜ ሲሆን የሚጠቅም ነው፤ ከጅብ የሚሸሽ ሰው ብርታት ያስፈልገዋልና። ነገር ግን ሥጋቱ ለወራት የቆየ እንደ ሆነ፣ አካል ዘወትር በአደጋ ላይ ያለ መስሎት፣ ለመኖር አስቸኳይ ያልሆነውን ሥራ ያቆያል። የሃይፖታላመስ ደወል ይዘገያል፤ ዕንቁላል አይበስልም፤ የወር አበባም ይዛባል ወይም ፈጽሞ ይቀራል።

ይህ ነገር በጦርነት ጊዜ በግልጽ ታይቷል። ከ1942 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. ጃፓኖች በሆንግ ኮንግ በስታንሊ ሰፈር ብዙ ሲቪሎችን አግተው በያዙ ጊዜ፣ ከታገቱት ሴቶች የብዙዎቹ የወር አበባ ተቋርጦ ነበር። ዶክተር አኒ ሲደናም ስለዚሁ በ1946 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ጽፈዋል። በዚያ ሰፈር ግን ረኀብና ፍርሀት በአንድነት ስለ ነበሩ ሁለቱን ለያይቶ መመዘን አስቸጋሪ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ የዝንጀሮ ጥናት ነገሩን አብራርቶታል። ዝንጀሮዎቹን ወደ እንግዳ ስፍራ ማዛወር ብቻውን፣ ወይም ምግብ ቀንሶ እንቅስቃሴ መጨመር ብቻውን ያስከተለው ጉዳት ጥቂት ሲሆን፣ ሁለቱ በተጣመሩ ጊዜ ግን የአብዛኞቹ ልማድ ተናጋ።

ይህን ባነበብን ጊዜ ትዝ ያሉን ከገጠር መጥተው በከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩት ልጃገረዶች ናቸው። ከዘመድ መለየት፣ የቤት ኪራይ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና፣ በዚህም ላይ ገንዘብ ለመቆጠብ ምሳን መዝለል ይጨመራል። አንዱን ቢችሉት ሁሉንም በአንድነት መሸከም ይከብዳል። የወር አበባ መቅረቱ «ዕረፍት ነው» ተብሎ የሚታለፍም አይደለም፤ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ለብዙ ጊዜ ሲያንስ አጥንት ይሳሳል፣ ያውም አጥንት በሚጠነክርበት ዕድሜ።

ደስ የሚለው ነገር፣ ይህ ዓይነቱ መቋረጥ ሊመለስ የሚችል መሆኑ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 16 ሴቶች በሁለት ተከፍለው፣ 8ቱ አስተሳሰብንና አመጋገብን የሚያቀና የምክር ሕክምና ለ20 ሳምንታት ሲያገኙ 8ቱ በክትትል ብቻ ቆዩ። የምክሩን ሕክምና ካገኙት በ7ቱ የዕንቁላል ማኅደር ሥራውን ሲጀምር፣ ከሌሎቹ ግን በ2ቱ ብቻ ጀመረ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም በቂ ምግብ፣ እንቅልፍና የሚያደምጥ ሰው መድኀኒት መሆናቸውን ያመለክታል።

ይሁን እንጂ «ጭንቀት ነው» የሚለው ቃል በመጨረሻ እንጂ በመጀመሪያ የሚነገር አይደለም። የተስተካከለ ልማድ የነበራት ሴት ሦስት ወር ከቀረባት፣ ወይም ልጃገረድ 15 ዓመት ሞልቷት ገና ካላየች፣ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። በቅድሚያ የእርግዝና ምርመራ ይደረጋል፤ ይህም ነውር ሳይሆን የሕክምና ሥርዐት ነው። ቀጥሎም የእንቅርት ዕጢ ሕመም፣ የዕንቁላል ማኅደር ጉድለት፣ በአገራችንም የማሕፀን ነቀርሳ ይታሰባሉ። መምህርትም ጉዳዩን ለብቻ ጠርታ ብትጠይቅ እንጂ በተማሪዎች ፊት ባታነሣው መልካም ነው። የወር አበባዋ የቀረባት ሴት ሁሉ አታረግዝም ማለት እንዳልሆነም ይታወቅ፤ ዕንቁላል ደም ሳይታይ አስቀድሞ ሊመለስ ይችላልና።

ልጅ ላጡ ሚስቶች «ስለምትጨነቂ ነው የማትወልጂው» ማለት የተለመደ ነው፤ እኛ ግን ይህን አነጋገር አንደግፈውም። በ2011 እ.ኤ.አ. 3583 ሴቶችን ያካተቱ 14 ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ፣ በሕክምና ርዳታ ለማርገዝ የሞከሩት ሴቶች ከሕክምናው በፊት የነበራቸው ጭንቀት ውጤቱን እንዳልለወጠው ተገኝቷል። ብዙ ጊዜ ልጅ ማጣት ጭንቀትን ይወልዳል፤ የአማትና የጎረቤት ንግግርም ያባብሰዋል። ባልና ሚስት አንድ ዓመት አብረው ኖረው እርግዝና ካልተገኘ፣ ሚስቲቱ ከ35 ዓመት በላይ ከሆነች ደግሞ ከስድስት ወር በኋላ፣ ሁለቱም በአንድነት ይመርመሩ። የባል ምርመራ የሚጀመረው በዘር ፈሳሽ ምርመራ ነው፤ ይህም ሕመም የሌለው ስለ ሆነ ሚስቲቱ ከባድ ምርመራ ከማድረጓ በፊት መሠራት ይገባዋል።