ሣሩ ሲጠጣ ቧንቧው እንዳይጠጣ

ጥያቄ፦ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ የሚኖሩ አንባቢ ለግቢያቸው ሣር ስፕሪንክለር ሊያስገቡ ነው። ጉድጓድም ማስቆፈር ያምራቸዋል። ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቀዋል።

መልስ፦ ለጉድጓዱ አዎ። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው የኬንያ የውሃ ሕግ መሠረት ፈቃዱን የሚሰጠው የውሃ ሀብት ባለሥልጣን ነው። መጀመሪያ የከርሰ ምድር ውሃ ጥናት፣ ከዚያ የመቆፈሪያ ፈቃድ፣ ውሃው ሲገኝ ደግሞ የመጠቀሚያ ፈቃድ ይከተላል። የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑም (ኔማ) ድርሻ አለው።

ይበልጥ የሚያሰጋው ግን ቧንቧው ነው። ናይሮቢ ውሃ በፈረቃ ነው የሚዳረሰው። ግፊቱ ሲወርድ መስመሩ ወደኋላ ይስባል፤ ጫፉ ማዳበሪያ በተበጠበጠበት ባልዲ ውስጥ የተዘፈዘፈ ጎማ ካለ፣ ያው ብጥብጥ ወደ ወጥ ቤት ቧንቧ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1933 ቺካጎ ውስጥ የሁለት ሆቴሎች ንጹሕና ቆሻሻ መስመሮች በመነካካታቸው በአሜባ 98 ሰዎች ሞተዋል። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች የመስኖ መስመር የወደኋላ ፍሰት መከላከያ በየዓመቱ በባለሙያ የሚፈተሸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ውሃ ወደኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቼክ ቫልቭ ብቻውን አያስተማምንም፤ አሸዋ ከያዘው ሳይዘጋ ይቀራል። የሚሻለው ለሣሩ የራሱን ሮቶ መለየት ነው። የሮቶው መሙያ ቧንቧ አፍ ውሃው ሞልቶ ከሚፈስበት ጠርዝ በላይ፣ ቢያንስ የቧንቧውን አፍ ስፋት (ዲያሜትር) እጥፍ ያህል ከፍ ይበል። የጉድጓዱና የከተማው መስመር በቫልቭም ቢሆን መገናኘት የለባቸውም፤ የብዙ የናይሮቢ ጉድጓዶች ውሃ ጥርስ የሚያበላሽ ፍሎራይድ ይበዛበታል።