ዝም ያለ ሁሉ ጤነኛ አይደለም
(አእምሯቸው በተለየ መንገድ ስለሚሠራ ዐዋቂዎች ሕክምና)



የዛሬው ትምህርታችን ከመማሪያ ክፍል የራቀ ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን ተመርቀን በየቀበሌው ስንሰማራ፣ «መምህር፣ እስቲ ጤና ጣቢያ ድረስ አብረውን ይምጡ» የሚል ቤተሰብ መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ምን እናደርጋለን? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. የምንናገረው ስለ እነማን ነው?

ከውልደታቸው ጀምሮ አእምሯቸው ከብዙኃኑ በተለየ መንገድ የሚሠራ ሰዎች አሉ። ኦቲዝም ያላቸው፣ ሐሳባቸውን ማሰባሰብና ረግተው መቀመጥ የሚቸግራቸው፣ ፊደል የሚምታታባቸው ከእነዚህ ይቆጠራሉ። ይህ ተላላፊ በሽታ አይደለም፤ እርግማንም፣ የወላጅ ጥፋትም አይደለም።

ሐኪሙ ሊዮ ካነር በ1943 ስለ ኦቲዝም የጻፈው 11 ሕፃናትን አጥንቶ ስለ ነበር፣ ብዙ ሰው ነገሩ የልጆች ብቻ ይመስለዋል። ሆኖም ከ11ዱ አንዱ የነበረው አሜሪካዊው ዶናልድ ትሪፕሌት አድጎ ባንክ ውስጥ ሲሠራ ኖሮ በ2023 በ89 ዓመቱ አረፈ። በአገራችንም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለራሳቸው ልጅ የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ፣ በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። እሳቸው በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ያኔ ሕፃን የነበሩት ግን ዛሬ ጎልማሶች ናቸው። ልጅ ያድጋል፤ ልዩነቱም አብሮት ይኖራል።

2. ችግሩ የት ላይ ነው?

ለምሳሌ ዕለቱ እሑድ ነው እንበል። የሰንበቴ ገበያ ደርቷል። ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩ ተገናኝቷል። ግመሉ ያገሳል፤ በደሴ መንገድ የሚያልፈው መኪና ጥሩምባውን ይነፋል። አንድ የ25 ዓመት ወጣት ሆዱን ታሞ ወንድሙ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ይዞት ይሄዳል። ወረፋው ረዥም ነው። ወጣቱ ጆሮውን በእጁ ደፍኖ ይወዛወዛል።

«አንተ፣ አርፈህ ተቀመጥ!» ይሉታል። ሐኪሙ ወጣቱን ትቶ ወንድሙን ይጠይቃል፦ «ምን ሆኖ ነው?»

«ኧረ እሱ ድሮም እንዲሁ ነው።»

ማስታገሻ ይሰጠውና ይሸኛል። ሆዱን የዳሰሰው የለም። ትርፍ አንጀት ቢሆንስ?

ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሕመሙ ሁሉ በጠባዩ ይሳበባል። ኦቲዝም ካላቸው ሰዎች አንዳንዱ ሲያመው አይጮኽም፣ ፊቱም አይለዋወጥም። አንዳንዱ ደግሞ ሲነኩት ወይም ደማቅ መብራት ሲያይ ከሕመሙ በላይ ይጨነቃል። በስዊድን ተካሂዶ በ2016 የታተመ አንድ ጥናት እንዳመለከተው፣ ኦቲዝም ካላቸው ሰዎች መካከል የሞቱት በአማካይ በ54 ዓመታቸው ሲሞቱ፣ ከሌላው ሕዝብ የሞቱት ግን በ70 ዓመታቸው ነበር። ከምክንያቶቹ መካከል የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታና ራስን ማጥፋት ይገኙበታል። እነዚህ ደግሞ በጊዜ ቢደረስባቸው ብዙ ሊደረግላቸው የሚችል ናቸው።

3. ምን ይደረግ?

ሀ. ቢቻል ከገበያ ቀን ውጭ፣ ጠዋት ሰው ሳይበዛ መሄድ። ካልሆነም ውጭ ከዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ ተራ መጠበቅ።

ለ. አስቀድሞ ጥያቄውን ለራሱ ለሰውየው ማቅረብ፤ በኦሮምኛም ይሁን በአማርኛ፣ አፉን በፈታበት ቋንቋ። አጭር ጥያቄ ጠይቆ መልሱን በትዕግሥት መጠበቅ። የማይናገር ከሆነ በጣቱ እንዲያመለክት የሰው አካል ሥዕል ማሳየት።

ሐ. ከመንካት በፊት መናገር፦ «አሁን ሆድህን እዳስሳለሁ፤ ይሁን?»

መ. «ዓይኔን እየኝ» ብሎ አለማስገደድ። መወዛወዙን፣ መቁጠሪያ ማሻሸቱን አለመከልከል፤ ራሱን የሚያረጋጋው በዚያ ነውና።

ሠ. ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ በመጀመሪያ የአካል ሕመም መኖሩን መመርመር፦ ጥርስ፣ ጆሮ፣ ሆድ፣ ሽንት።

ረ. ጠበል የሚሄደውን ወይም ዱዓ የሚደረግለትን አለመንቀፍ። ነገር ግን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይቋረጥ አጥብቆ መምከር።

ይህን የምንጠይቀው እንደ ችሮታ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት፣ ከሌላው ሰው እኩል የሆነ ሕክምና በራሳቸው ፈቃድ እንዲያገኙ ይደነግጋል።

4. የመምህሩ ድርሻ

መምህር ሐኪም አይደለም፤ «ይህ ኦቲዝም ነው» ብሎ መፍረድም የለበትም። ሊሠራው የሚችለው ሥራ ግን አለ። ከሰውየውና ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ በአንዲት ወረቀት ላይ «ስሜ፤ የምግባባበት መንገድ፤ ሲያመኝ የማሳየው ምልክት፤ የሚያስጨንቀኝ ነገር፤ የምወስደው መድኃኒት» ብሎ መጻፍ ይችላል። ያቺ ወረቀት በኪስ ተይዛ ብትሄድ፣ ከላይ ያየነው ወጣት ሆዱ ሳይዳሰስ ባልተመለሰም ነበር።

በመጨረሻም፣ ጫጫታ የሚከብደው፣ ፊደል የሚምታታበት ሰው ከእኛው ከእጩ መምህራን መካከልም ሊኖር ይችላል። በጓደኛው ላይ የሚስቅ ሰው ነገ በተማሪው ላይ መሳቁ አይቀርም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በምሳሌው ውስጥ ወንድምየው ምን ብሎ መመለስ ነበረበት?
2. በአካባቢያችሁ የምታውቁት እንዲህ ያለ ዐዋቂ ሲያመው እንዴት ያስታውቃል?
3. የኪስ ወረቀቷን ለራሳችሁ ሞልታችሁ ለጓደኛችሁ አስነብቡ።